እምነትና ዴሉዥን፦ ከአውሬ ሥርዓት እስከ ቡታጅራ ጥናት

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል ለመመለስ ግን አስቸጋሪ ነው። ይኸውም ሰው በሙሉ ልቡ የሚያምነው፤ ሌላው ግን የማይቀበለው ነገር መቼ እምነት ይባላል? መቼስ የሕመም ምልክት ይሆናል? የሚለው ነው። ጥያቄው ለፈላስፎችና ለሐኪሞች ብቻ የተተወ አይደለም። ልጁ ወይም ወንድሙ ድንገት ጠባዩ ተለውጦበት ወዴት እንደሚወስደው የጨነቀው ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠይቀዋል። የሚያገኘውም መልስ የሕመምተኛውን ዕድሜ ሊያሳጥር ወይም ሊያረዝም እንደሚችል ወደ ኋላ በቁጥር እናሳያለን።

ጥያቄውን ከጉብሬ ሆነን ለማንሣት በቂ ምክንያት አለን። ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፤ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም የተሠራባት ከተማ ናት። አጠገቧ ያለው የቸሃ አገር አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቀምጦ የጉራጌን ሕዝብ ኑሮና እምነት ያጠናበት ነው። ከተራራው ማዶ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ቡታጅራ አለች፤ በዚያ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በገጠር ሕዝብ መካከል ስለ አእምሮ ሕመም ያደረጉት ምርምር በአፍሪካ በሰፊው ከታወቁት አንዱ ነው። ሻክ ያጠናው እምነትን ነው፤ የቡታጅራ ሐኪሞች ያጠኑት ሕመምን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናነባቸው አንዱ ለሌላው ብርሃን ይሰጣል ብለን እናስባለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ. ስለ ቃሉ ትርጉም

ዴሉዥን የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ መሣለቅ ወይም ማታለል የሚል ትርጉም አለው። በተለመደው አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ልክ የሆነ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። «ቅዠት» ብንለው ቅዠት በእንቅልፍ ወይም በትኩሳት ጊዜ የሚመጣውን መለፍለፍ ያመለክታል። «እብደት» ብንለው የሕመሙን ዐይነት ሳይለይ ጠቅላላውን ይሸፍናል፤ ደግሞም ስድብ ነው። «አጉል እምነት» ብንለው የብዙ ሰው ልማድ የሆነውን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ወስደን ትርጉሙን ደረጃ በደረጃ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ትርጉሙን በጥንቃቄ ለመወሰን ከጣሩት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ ነው። ያስፐርስ በ1913 ባሳተመው ስለ አእምሮ ሕመም በሚናገር ታላቅ መጽሐፉ ሦስት ምልክቶችን ሰጠ። ፊተኛው፤ ሰውዬው ነገሩን ከልክ ባለፈ ርግጠኝነት መያዙ ነው። ሁለተኛው፤ ምንም ማስረጃ ቢቀርብለት አለመመለሱ ነው። ሦስተኛው፤ የሚያምነው ነገር ሊሆን የማይችል መሆኑ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ለጊዜው በቂ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብለን ስንመረምራቸው ግን እያንዳንዳቸው ይሸራረፋሉ። ርግጠኝነት የሰማዕታትም ጠባይ ነው። ማስረጃን አለመቀበል በፖለቲካ ክርክር፤ በንግድና በፍቅር ጭምር በየቀኑ የሚታይ ነው። ስለ ሦስተኛው ምልክትም ራሱ ያስፐርስ ያስተዋለው ነገር አለ። አንድ ባል ሚስቱ እንደ ከዳችው በሕመም ምክንያት ሊያምን ይችላል፤ ሴቲቱም በርግጥ ከድታው ሊሆን ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ እምነቱ እውነት ነው፤ ሰውዬው ግን እንደ ታመመ ነው፤ ምክንያቱም ወደ እውነቱ የደረሰው በማስረጃ መንገድ አይደለም። እንግዲህ የነገሩ ሐሰት መሆን ብቻውን ዴሉዥንን ከእምነት አይለይም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ሌላ አጥር ጨመሩ። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር በ1994 ባወጣው የምርመራ መጽሐፍ፤ የሰውዬው ወገን ወይም ሕዝብ በተለምዶ የሚቀበለው እምነት ዴሉዥን ሊባል እንደማይገባው ተጽፏል። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ስለ ሕመሙ በሚናገረው ምዕራፍ ዋናውን ክብደት ያደረገው እምነቱ ተቃራኒ ማስረጃ ቢቀርብበትም በማይለወጥ መሆኑ ላይ ነው። የሕዝብን ልማድ በትርጉሙ ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድን እምነት የሕዝብ መሆኑ ከሕመም የሚለየው ስለ ምን ነው? ብዙ ሰው የተሳሳተበት ስሕተት አንድ ሰው ከተሳሳተበት በምን ይሻላል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ቸሃ እንመለስ።

2ኛ. የአውሬ ሥርዓት

ሻክ ስለ ጉራጌ የጻፈው መጽሐፍ በ1966 ታተመ፤ ስለ መንፈስ ልክፍት ያቀረበው ጽሑፉ ደግሞ በ1971 ወጣ። በዚህ በኋለኛው ጽሑፍ «አውሬ» ተብሎ ስለሚጠራው ክፉ መንፈስ እንደሚከተለው ይተርካል። በዚያ ዘመን በአውሬ ይያዛሉ የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ድኻና ዝቅተኛ ማዕርግ ያላቸው ወንዶች ነበሩ። የተያዘው ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ሆዱን ያመዋል። ጠንቋይ ተጠርቶ የሕመሙ ምክንያት አውሬ መሆኑን ሲናገር ዘመድና ጎረቤት በማታ ይሰበሰባሉ። በሽተኛው ልብስ ይከናነባል፤ ከእንሰት የተዘጋጀና ቅቤ የበዛበት ምግብ ይቀርብለታል፤ እርሱም እንደ ተራበ አውሬ እየተስገበገበ ይበላል። ሰዎቹ ሌሊቱን ሙሉ እያዜሙ ያጅቡታል። መጨረሻ ላይ መንፈሱ በበሽተኛው አፍ «ጠገብኩ» ሲል ሥርዓቱ ያበቃል፤ ሰውዬውም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሻክ ይህን ለማብራራት የጉራጌን አመጋገብ ይጠቅሳል። እንሰት ድርቅን የሚቋቋም ተክል ነው፤ ከርሱ የሚገኘው ቆጮም በጉድጓድ ተቀብሮ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ በአገሩ ረኃብ ብዙ ጊዜ አልታየም። ሆኖም ምግብን መቆጠብና ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ታላቅ ልማድ ነው፤ በሰው ፊት ጠግቦ መብላትም እንደ ነውር ይቈጠራል። ድኻው ሰው ታዲያ በዓመቱ ሁሉ በቁጠባ ምግብ እየኖረ ስለ ነገው ይሠጋል፤ በጉባኤም ቃሉን የሚሰማለት የለም። በአውሬ በተያዘበት ሌሊት ግን እርሱ በመካከል ይቀመጣል፤ ሁሉ ለርሱ ይሰበሰባል፤ በሌላ ቀን የተከለከለውን ያህል ይበላል። በሻክ አስተያየት ሥርዓቱ የረኃብንና የመናቅን ሥጋት የሚያስተነፍስ መንገድ ነበር። ይህ የአንድ ሊቅ አተረጓጐም እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ በዛሬው ጊዜም አብዛኛው የጉራጌ ሕዝብ ክርስቲያን ወይም እስላም ነው። ትረካው ግን ለጥያቄያችን ይጠቅመናል።

በሥርዓቱ ውስጥ አራት ነገሮችን እናስተውላለን። የአውሬ እምነት ከበሽተኛው በፊት ነበረ፤ እርሱ የፈጠረው አይደለም። ጎረቤቶቹ የሚናገረውን ቋንቋ ያውቁታል፤ ምን እንደሚመልሱለትም ያውቃሉ። ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ከሁሉም በላይ ሥርዓቱ ሲፈጸም ሰውዬው ወደ ሰዎች ይመለሳል። እንግዲህ በአውሬ ማመን እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ብለን ብንከራከር የፈለግነውን መልስ ብንሰጥም፤ ይህ እምነት ዴሉዥን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እምነቱ ሰውዬውን ከወገኑ ጋር ያስተሳስረዋል፤ አይለየውም።

3ኛ. በሕመምተኛው አእምሮ የሚደርሰው

የዴሉዥን አካሄድ ከዚህ የተለየ ነው። ስለ አመጣጡ ሳይኮሎጂ ካቀረባቸው ማብራሪያዎች ሁለቱን በአጭሩ እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ስለ ፍርድ አሰጣጥ ነው። በ1988 በእንግሊዝ አገር ሑቅ፤ ጋሬቲና ሄምስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ፈተና እንዲህ ነው። ሁለት ማሰሮዎች አሉ እንበል፤ በአንደኛው 85 ቀይና 15 አረንጓዴ ዶቃ፤ በሁለተኛው ደግሞ በተገላቢጦሽ 15 ቀይና 85 አረንጓዴ ዶቃ አለ። ተፈታኙ ከየትኛው ማሰሮ እንደ ሆነ ሳያይ ዶቃ አንድ በአንድ እየወጣ ይታያል፤ ርግጠኛ ሲሆን ብቻ እንዲናገር ይነገረዋል። ዴሉዥን ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በጥቂት ዶቃ፤ አንዳንዶቹም በመጀመሪያው ዶቃ ብቻ ፍርድ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ይህ ውጤት በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። የሚያመለክተውም ሕመምተኛው ማሰብ እንዳቃተው ሳይሆን፤ ከጥቂት ማስረጃ ወደ ትልቅ ድምዳሜ ለመዝለል የፈጠነ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ ስለ አንጎል ነው። ዶክተር ሺቲጅ ካፑር በ2003 ባቀረቡት አሳብ መሠረት፤ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ቅመም ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ በዙሪያችን ካለው ብዙ ነገር የትኛው ልብ ሊባል እንደሚገባው ማመልከት ነው። ይህ አሠራር ሲታወክ ተራ ነገር ሁሉ ትርጉም ያለው መስሎ ይታያል። የጎረቤት ሳል፤ በመንገድ የቆመ መኪና፤ በራዲዮ የተነገረ አንድ ቃል «ይህ ስለ እኔ ነው» የሚያሰኝ ይሆናል። ሰው ደግሞ ምክንያት ሳያበጅ መኖር አይችልምና አእምሮው ለዚህ እንግዳ ስሜት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ያገኘው ማብራሪያም ዴሉዥኑ ነው። መድኃኒቱም የዶፓሚንን ሥራ ሲቀንስ እምነቱን በአንድ ጊዜ አያጠፋውም፤ ቀስ በቀስ ግን ክብደቱን ያሳጣዋል።

ማብራሪያው የሚሠራበት ዕቃ የሚገኘው ሰውዬው ከሚኖርበት ዘመንና አገር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃዝላም በ1810 ስለ በሽተኛው ስለ ጄምስ ቲሊ ማቲውስ የጻፈው መጽሐፍ፤ በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች መካከል እንደሚኖር ሰው በአየር ኃይል የሚሠራ የሽመና መሣሪያ አእምሮውን እንደሚያሠቃየው ያምን እንደ ነበር ይተርካል። በ1919 ቪክቶር ታውስክ በቪየና ስለ ሚስጥራዊ መሣሪያዎች የሚናገሩ በሽተኞችን ጠባይ አጠና። በዘመናችን ደግሞ የሚጠቀሰው ሳተላይት፤ ስልክና ኮምፒውተር ሆኗል። በገጠር ያለ ወጣት ዛር ወይም ቡዳ፤ በከተማ ያለው ደግሞ ፖሊስ ወይም ስልክ ቢያነሣ ስሙ ተለወጠ እንጂ ሁለቱም በአንድ ሕመም ሊሠቃዩ ይችላሉ። እንዲሁም ስለ ዛር የሚያነሣ ሰው ሁሉ ታሟል አይባልም። እንግዲህ የተባለውን ነገር ብቻ በማዳመጥ ፍርድ መስጠት ስሕተት መሆኑ ከሁለቱም ወገን ተረጋገጠ።

ይህን አሳብ የሚያጠናክር ሌላ ምርምር አለ። ኤማኑኤል ፒተርስና ባልደረቦቿ በ1999 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ አገር የሚገኙ የአዳዲስ ሃይማኖቶችን አባሎች በሆስፒታል ካሉ ዴሉዥን ካለባቸው ሰዎች ጋር አስተያዩ። የሁለቱ ወገኖች ያልተለመደ እምነት ብዛትና የርግጠኝነታቸው ልክ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። የተለያዩበት በሌላ ነገር ነው፤ ሃይማኖተኞቹ በእምነታቸው እጅግ ያነሰ ጭንቀት ነበራቸው፤ አሳባቸውንም ሌት ተቀን አልያዘውም። ስለዚህ ሐኪሙ መጠየቅ ያለበት «ምን ታምናለህ?» ብቻ ሳይሆን «እምነትህ ምን ያደርግሃል?» የሚለውን ጭምር ነው።

4ኛ. የብዙዎች ስሕተት

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የሕዝብን እምነት ሁሉ ከወቀሳ ነጻ ያወጣ እንዳይመስል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ከሕመም ነጻ መሆን ከስሕተት ነጻ መሆን አይደለም።

ሳይንስም ራሱ በጋራ ሊሳሳት ይችላል። በ1903 በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ረኔ ብሎንድሎ አዲስ ጨረር አገኘሁ ብሎ «የኤን ጨረር» የሚል ስም ሰጠው። ብዙ ሊቃውንትም ጨረሩን እንዳዩት ጻፉ። በ1904 አሜሪካዊው ሮበርት ውድ ወደ ናንሲ ሄዶ በጨለማው ክፍል ውስጥ ከመሣሪያው ዋናውን ክፍል በስውር አነሣ፤ ሆኖም ብሎንድሎ ጨረሩን እንዳየ መናገሩን አላቋረጠም። ውድ ያየውን በመጽሔት ሲያወጣ የጨረሩ ዝና ወደቀ። እነዚህ ሊቃውንት ሕመምተኞች አልነበሩም፤ ማየት የፈለጉትን ያዩ ጤነኞች ነበሩ። ያዳናቸውም ከመካከላቸው አንዱ ሊመረምራቸው መቻሉ ነው።

የዚህ ዐይነት ምርመራ በማይደረግበት ስፍራ የጋራ ስሕተት ለብዙ ትውልድ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በጉራጌ ፉጋ ተብለው በሚጠሩት ባለ እጆች ላይ የነበረው እምነት ነው። ሻክ እንደ ገለጸው ፉጋዎች የእንጨት ሥራ ጠቢባን ነበሩ፤ የቤቱን ምሰሶ የሚያዘጋጁ እነርሱ ናቸው፤ በሥርዓት ጊዜም ያለ እነርሱ አይሆንም ነበር። ነገር ግን መሬትን ቢያርሱ ለምነቱ ይጠፋል ተብሎ ስለሚታመን ከእርሻ ተከለከሉ፤ ከሌላው ጋር መጋባትም አልተፈቀደላቸውም። በአማራው አገር አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብለው የተፈሩበት ምክንያት ከዚህ አይርቅም። በዚህ እምነት ማንም አልታመመም፤ የተጎዳው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ለእምነት ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው የሐኪም ነው፤ ሁለተኛው የፍትሕ ነው። አንዱን በሌላው ስም መመለስ አይገባም። ጎጂ ልማድን «በሽታ» ብሎ መጥራት ባለ ልማዱን ከኀላፊነት ነጻ ያወጣዋል፤ በሽታን «ልማድ» ብሎ መተው ደግሞ በሽተኛውን ይገድለዋል።

ዘመናዊው ኑሮ በዚህ ላይ አዲስ ችግር አምጥቷል። ላሴግና ፋልሬ የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1877 እንደ ገለጹት፤ የአንድ ሕመምተኛ ዴሉዥን ከርሱ ጋር ብቻውን ወደሚኖር ዘመድ የሚተላለፍበት ጊዜ አለ። በዛሬው ጊዜ ግን አብሮ መኖር አያስፈልግም። ቮን ቤልና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት አእምሯቸው በመሣሪያ እንደሚገዛ የሚናገሩ ሰዎች በኢንተርኔት ያወጧቸውን 10 ጽሑፎች መረመሩ። የአእምሮ ሐኪሞች ጽሑፎቹን አይተው የሕመም ምልክት እንዳለባቸው ፈረዱ፤ ጸሐፊዎቹ ግን እርስ በርሳቸው የተገናኙ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። እንግዲህ «ወገኑ የሚቀበለው እምነት ዴሉዥን አይደለም» የሚለው አጥር ብቻውን አይበቃም። ወገን ያለው መሆኑን ብቻ ሳይሆን ያ ወገን ሰውዬውን ወደ ሥራው፤ ወደ ቤተ ሰቡና ወደ ዕለት ኑሮው የሚመልሰው ወይስ ከነዚህ የሚያርቀው መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

5ኛ. ቡታጅራ ያስተማረችን

አሁን ከተራራው ማዶ እንሻገር። በቡታጅራ የገጠር ጤና ምርምር የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ለአእምሮ ሕመም ጥናት ይህ መልካም መሠረት ሆነ፤ ምክንያቱም በሆስፒታል የሚገኘውን በሽተኛ ብቻ መቍጠር በየቤቱ ያለውን መርሳት ነው። እነ ዶክተር ደረጀ ከበደና ዶክተር አታላይ ዓለም የሚገኙባቸው ተመራማሪዎች ከ1998 ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ በተደረገ ምርመራ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 68,378 ሰዎች አዩ። ከነዚህም ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም ያለባቸውን 321 ሰዎች አገኙ፤ ይህም ከሺሕ ሰው 4.7 ያህል መሆኑ ነው። ዴሉዥን የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ነው። ከተገኙት ሕመምተኞች መካከል ከዚያ በፊት የሐኪም መድኃኒት የወሰዱት ከመቶ ዐሥር አይሞሉም ነበር።

እነዚህ ሰዎች ወዴት ሄደው ነበር? ዶክተር አታላይና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ስለ ሕዝቡ አሳብ የሚያውቁ 100 ሰዎችን ጠየቁ። መልሱ ለሥጋ ሕመም ሐኪም፤ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊ ፈውስ ይመረጣል የሚል ሆነ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ለረዥም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበረ፤ እርሱም አዲስ አበባ ነው። ስሙም መተረቻ እስከ መሆን ደርሷል። ጠበሉ፤ ቃልቻውና ደብተራው ግን ቅርብ ናቸው፤ የሚናገሩትም ቋንቋ ለቤተ ሰቡ ይገባል።

ቤተ ሰቡም ብቻውን ሸክሙን ይሸከማል። ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት ከጠየቋቸው 178 የሕመምተኛ ዘመዶች መካከል ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። በሶዶ ወረዳ ስለ ሰንሰለት የተደረገውና በ2017 የታተመው ጥናትም የታሰሩትንና ያሰሩትን አነጋግሯል። ያሰሩት ሰዎች ጨካኞች ሆነው አልተገኙም፤ ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሰውን እንዳይጎዳ ሌላ መንገድ ያጡ እናቶችና ወንድሞች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር በ2015 የወጣው ነው። ዶክተር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች በቡታጅራ ለ10 ዓመት ተከታተሉ። በዚህ ጊዜ 121 ሰዎች ሞቱ፤ ይህም ከሌላው ሕዝብ ሞት እጥፍ ያህል ነው። ሕመምተኞቹ ሊኖሩት ይገባ ከነበረው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል አጥተዋል። ከሞቱ ምክንያቶች ቀዳሚው ተላላፊ በሽታ ነው። አእምሮው የታመመ ሰው በአገራችን የሚሞተው በአብዛኛው በሌሎቹ ሰዎች በሽታ ነው፤ ነገር ግን «ልክፍት ነው» ወይም «እብድ ነው» ተብሎ ስለ ተተወ ሳሉንና ትኩሳቱን የሚያይለት አልነበረም።

ከላይ ስለ አውሬ ሥርዓት ያነሣነው እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል። የአውሬ ሌሊት ለሚያልፍ ሕመም፤ ወደ ሰው ለሚመለስ ሰው የተሠራ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ወደ ሥርዓት ቢወሰድ መንፈሱ «ጠገብኩ» አይልም። ሥርዓቱ ይፈጸማል፤ ሰዎቹ ይበተናሉ፤ እርሱ ግን በነበረበት ይቀራል። ይህም የሁለቱን ልዩነት በግልጽ ያሳያል፤ እምነት ከሌሎች መልስ ይቀበላል፤ ዴሉዥን ግን የሚሰጠውን መልስ ሁሉ ወደ ራሱ አሳብ ይለውጣል።

6ኛ. ከዚህ ምን እናደርጋለን?

አንደኛ፤ ክርክር አያድንም። ሚልተን ሮኪች የተባለ አሜሪካዊ የሳይኮሎጂ ሊቅ እያንዳንዳቸው «እኔ ክርስቶስ ነኝ» የሚሉ ሦስት ሕመምተኞችን ከ1959 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በሚሺጋን በአንድ ሆስፒታል አብሮ አኖራቸው። እርስ በርሳቸው ሲጋጩ እምነታቸውን ይተዋሉ ብሎ አስቦ ነበር። አንዳቸውም አልተዉም፤ እያንዳንዱ ሁለቱ ሌሎች የተሳሳቱበትን ምክንያት አገኘ። ሮኪችም በኋላ ዘመን በሰዎቹ ኑሮ እንዲህ ጣልቃ መግባት መብት እንዳልነበረው ጻፈ። በቤታችን ያለን ሕመምተኛ በክርክር ለመርታት የምንደክመው ድካም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ የሚሻለው እምነቱን ሳያጸድቁና ሳይነቅፉ ጭንቀቱን መስማት ነው።

ሁለተኛ፤ ቤተ ሰብ፤ መምህር፤ ቄስ ወይም ሼህ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሣ ብዙ ጊዜ መልካም ፍርድ ላይ ሊደርስ ይችላል። እምነቱ ሰውዬው ካደገበት ሃይማኖትና ልማድ ጋር ይስማማል ወይስ ለራሱ ወገኖች እንኳ እንግዳ ነው? በድንገት የመጣ ነው ወይስ የኖረ? እንቅልፉ፤ ምግቡ፤ ንጽሕናውና ሥራው እንዴት ነው? ያስጨንቀዋል ወይስ ያጽናናዋል? ከሰው ጋር ያስተሳስረዋል ወይስ ይለየዋል? አምስቱም ጥያቄዎች በመንደሩ ቋንቋ ሊጠየቁ የሚችሉ ናቸው፤ የሚሻውም ማስተዋልን እንጂ ዲግሪን አይደለም። የራሱ ሃይማኖት አባቶች «ይህ የእኛ እምነት አይደለም» ካሉ እርሱ ራሱ ታላቅ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክንያቱ ሳንስማማ ስለ ሕክምናው ልንስማማ እንችላለን። ሕመሙ ከመንፈስ ነው የሚል ቤተ ሰብ እምነቱን እንዲክድ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ከጸሎቱና ከጠበሉ ጋር መድኃኒቱንም እንዲያስወስድ፤ ሰንሰለቱንም እንዲፈታ መምከር ግን ይቻላል። ሕክምናውም እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም። በቡታጅራ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ካገለገሉ ብዙ ዓመት ሆኗል። ፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቻቸው በ2022 ያሳተሙት፤ ከ300 በላይ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት፤ በጤና ጣቢያ ያሉ ተራ ሠራተኞች በአጭር ትምህርትና በክትትል የሚሰጡት ሕክምና ከልዩ ነርሶች ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ማለት በየወረዳው ያለው ጤና ጣቢያ፤ መድኃኒቱና ትምህርቱ ከተሰጠው፤ ሊበቃ ይችላል ማለት ነው።

7ኛ. መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው ዴሉዥንን ከእምነት የሚለየው የነገሩ እውነት ወይም ሐሰት መሆን ብቻ አይደለም፤ የርግጠኝነቱም ልክ አይደለም፤ የሚያምኑት ሰዎች ቍጥርም አይደለም። የሚለየው እምነቱ ከሰውዬው ጋር ያለው ግንኙነትና ሰውዬው ከሌሎች ጋር ያለው ግንኙነት ነው። እምነት፤ የተሳሳተ እንኳ ቢሆን፤ በሰዎች መካከል ይኖራል፤ ስለዚህ ሰዎች ሊጠይቁት፤ ሊያርሙት ወይም ሊያጽናኑበት ይችላሉ። ዴሉዥን ግን ሰውን ብቻውን ያስቀረዋል።

ይህን መለየት የትምህርት ቤት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን በተውነው ነበር። ነገር ግን በአንድ ወገን የተማረው ሰው የሕዝቡን እምነት ሁሉ ሕመም አድርጎ ሲቈጥር ሕዝቡ ከሐኪሙ ይሸሻል፤ በሌላው ወገን ሕዝቡ ሕመሙን ሁሉ እምነት አድርጎ ሲይዘው ሠላሳ ዓመት የሚያህል ዕድሜ ይባክናል። ቡታጅራ ቁጥሩን ሰጥታናለች፤ ቸሃም ትርጉሙን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የምንማር ተማሪዎች ለሐኪሙ የሕዝቡን ቋንቋ፤ ለሕዝቡም የሐኪሙን ዕውቀት ለማድረስ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነን። የሳይኮሎጂ፤ የነርስነትና የሕዝብ ልማድ ትምህርት ተማሪዎች በአንድነት ቢሠሩ ብዙ ያልተመረመረ ነገር በአካባቢያቸው ያገኛሉ፤ መምህሮቻችንም በዚህ እንዲመሩን በትሕትና እንጠይቃለን።